አንድ ድምፅ ሲጎድል፦ ሕገ መንግሥት ለሚያረቅቁና ለሚያሻሽሉ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሕገ መንግሥት አርቃቂዎችና የሕዝብ እንደራሴዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቁጥር ነው። ርዕሰ ብሔርን ከሥልጣን ለማንሳት የምክር ቤቱ አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል የሚለው አንቀጽ በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገኛል፤ በየጊዜውም ይላላ የሚል ሐሳብ ይነሣበታል። ሕገ መንግሥት በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ ከተማሪዎቼ አንዱ እጁን ያወጣና «ሰውየው በግማሽ ሲደመር አንድ ድምፅ ከተመረጠ በግማሽ ሲደመር አንድ ድምፅ ለምን አይወርድም?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አንቀጹን ለማላላት የሚነሡ ሁሉ መነሻቸው ይኸው ጥያቄ ስለሆነ፣ ለተማሪዎቼ የምሰጠውን መልስ በሰፊው ለእናንተም ላቀርብ ወሰንኩ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ የሁለት በሽተኞችን ታሪክ ልንገራችሁ።

ሜይ 16 ቀን 1868 የአሜሪካ ሴኔት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ከሥልጣን ለማንሳት ድምፅ ሊሰጥ ተሰበሰበ። አባላቱ 54 ነበሩ፤ የሚያስፈልገው ድምፅ 36 ነበር። የአዮዋው ሴናተር ጄምስ ግራይምስ ከጥቂት ቀናት በፊት ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ይዘው ነበር። በዚያ ቀን ሰዎች ተሸክመው ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። ስማቸው ሲጠራ ችሎቱን የሚመሩት ዋና ዳኛ ሳልመን ቼዝ ተቀምጠው እንዲመልሱ ፈቀዱላቸው፤ እሳቸው ግን በሰው ተደግፈው ተነሡና «ጥፋተኛ አይደሉም» አሉ። ቆጠራው ሲያልቅ 35 ለ19 ሆነ። አንድ ድምፅ ጎደለ፤ ጆንሰንም በሥልጣናቸው ቆዩ።

ሁለተኛው በሽተኛ የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት አባል አልፍሬድ ብሮተን ናቸው። ማርች 28 ቀን 1979 ምሽት ምክር ቤቱ በጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን መንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሲሰጥ፣ የገዢው ፓርቲ አባል የሆኑት ብሮተን በጠና ታመው ነበር። ሐኪሞች ጉዞው ለሕይወታቸው አስጊ መሆኑን ስለተናገሩ ካላሃን ይምጡልኝ አላሉም። ውጤቱ 311 ለ310 ሆነና መንግሥቱ በአንድ ድምፅ ወደቀ። ብሮተን ተገኝተው ቢሆን ኖሮ ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆን ነበር፤ አፈ ጉባኤውም እንደ ወጉ ድምፃቸውን ነባሩ ሁኔታ እንዲቀጥል ስለሚሰጡ መንግሥቱ ይተርፍ ነበር። ብሮተን ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ አረፉ።

በአንዱ አገር አንድ ድምፅ መሪን አተረፈ፤ በሌላው አገር አንድ ድምፅ መሪን ጣለ። ሁለቱም ሥርዓቶች በየራሳቸው ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ካላሃን ርዕሰ መንግሥት እንጂ ርዕሰ ብሔር አልነበሩም። ሥልጣናቸው የቆመው በምክር ቤቱ አብላጫ ላይ ነው፤ አብላጫው ሲሸሻቸው ሥልጣናቸው አብሮ ሄደ። በዚያ ምሽት ወንጀል ሠሩ ያላቸው የለም፤ እምነት አጣን ብቻ ነው የተባሉት። ደግሞም የወሰነው ያ አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሜይ 3 ሕዝቡ ራሱ ወጥቶ መረጠ። በዚህ ሁሉ መካከል ንግሥቲቱ በቦታቸው ነበሩ። ርዕሰ ብሔሩ ሳይነካ ርዕሰ መንግሥቱ ሊለወጥ ስለሚችል አገር በአንድ ድምፅ ልዩነት መንግሥት ብትለውጥም አትናጋም።

የጆንሰን ጉዳይ ሌላ ነው። በአሜሪካ ሁለቱም ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ሥልጣኑን የሰጠው ምክር ቤቱ አይደለም፤ ዘመኑንም ሕገ መንግሥቱ አስቀድሞ ቆርጦታል። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን መበተን አይችልም። እንግዲህ እሱ ሊበትነው የማይችለው ምክር ቤት በተራ አብላጫ እሱን ማባረር ከቻለ፣ በሕዝብ የተመረጠው ሰው የምክር ቤቱ ሎሌ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሥጋት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ላረቀቁት ሰዎች ገና ከጅምሩ ታይቷቸው ነበር። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1787 በፊላዴልፊያ ጆርጅ ሜሰን የክስ ምክንያቶቹ ላይ «የአስተዳደር ብልሹነት» የሚል እንዲጨመር ሲጠይቁ፣ ጄምስ ማዲሰን እንዲህ ያለ ልል ቃል ፕሬዚዳንቱን ሴኔቱ ደስ እስካለው ድረስ ብቻ የሚቀመጥ ሹም ያደርገዋል ብለው ተቃወሙ። ቃሉ ቀረና «ከባድ ወንጀሎችና ጥፋቶች» የሚለው ገባ።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ምርጫ ማወዳደር ነው። ቀኑ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ ሊያድር ስለማይችል ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የግድ መመረጥ አለበት፤ ስለዚህ ከሌላው አንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። ሽረት ግን ፍርድ ነው። ዛሬውኑ ይሻር የሚል ግዴታ የለም፤ ምክር ቤቱ ባይስማማ የሚሆነው ነገር መራጩ ቀድሞ የወሰነው መቀጠሉ ነው። ሚሊዮኖች የሰጡትን ቃል ጥቂት መቶ ሰዎች በዘመኑ መካከል ሊያጥፉት ሲነሡ፣ የተሸነፈው ወገን ዳግመኛ ቆጥሮ ከሚያገኘው ቁጥር የበለጠ ነገር ሊያመጡ ይገባል። ይህ የበለጠ ነገር ከሰውየው ደጋፊዎች መካከል እንኳ «ይህስ አይሆንም» የሚሉ ሰዎች መገኘታቸው ነው። የሁለት ሦስተኛው ምሥጢር በእኔ እምነት ይኸው ነው።

ይህን ልዩነት በአንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ የደቡብ አፍሪካን የ1996 ሕገ መንግሥት ይመልከት። እዚያ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ራሱ ምክር ቤቱ ስለሆነ፣ አንቀጽ 102 ምክር ቤቱ በአባላቱ አብላጫ ድምፅ እምነት አጣሁ ብሎ ፕሬዚዳንቱን ከነካቢኔው እንዲያሰናብት ይፈቅዳል፤ ምክንያት መጥቀስም አያስፈልግም። አንቀጽ 89 ግን ሕገ መንግሥቱን ወይም ሕግን በከባድ ሁኔታ ጥሰሃል፣ ከባድ ጥፋት ፈጽመሃል ወይም ሥራህን መሥራት አትችልም ለማለት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በጥፋት የተነሣው ሰው የሹመቱን ጥቅማ ጥቅም ያጣል፤ ሌላ የመንግሥት ሹመትም አይዝም። ስም የሚያጎድፍ ውሳኔ ከፍ ያለ ድምፅ ተጠየቀበት፤ የሰጡትን እምነት ለመውሰድ ግን አብላጫው በቃ።

ስለ ጆንሰን ችሎት ካነሣሁ ብዙዎች ቸል ብለው የሚያልፉትን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጆንሰን ራሳቸው ፕሬዚዳንት የሆኑት አብርሃም ሊንከን በ1865 ሲገደሉ ከምክትልነት ተነሥተው ነበር፤ ስለዚህ ምክትል አልነበራቸውም። ቢነሡ በሕጉ መሠረት የሚተካቸው የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት የኦሃዮው ቤንጃሚን ዌድ ነበሩ። ዌድ ደግሞ በዚያ ችሎት ላይ ተቀምጠው ድምፅ ሰጡ፤ ድምፃቸውም «ጥፋተኛ» የሚል ነበር። ከ35ቱ አንዱ እሳቸው ናቸው። እስቲ አስቡት፦ ተራ አብላጫ በቂ ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ቀን ቆጠራ ፈራጁ ራሱ በፈረደበት ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ዌድ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ባርነትን አጥብቀው የታገሉ ሰው ናቸው። ሕግ ሲጻፍ ግን የሰው ደግነት ዋስትና ተደርጎ አይያዝም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ምክር ቤት ከጆንሰን ጋር ሲጋጭ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘት አላቃተውም፤ ሕግ አልፈርምም ብለው የመለሷቸውን 15 ሕጎች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሽሮባቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ነጻ ለወጡት ባሪያዎች የዜግነት መብት ያረጋገጠው የ1866ቱ ሕግ ነው። ጆንሰንን ለማንሳት ግን ያው ሴኔት አንድ ድምፅ አነሰው። ከፓርቲያቸው ተለይተው «ጥፋተኛ አይደሉም» ያሉት ሰባት ሴናተሮች «ፖሊሲው ትክክል ነው ወይ?» የሚለውንና «ከሥልጣን የሚያስነሣ ጥፋት ሠርቷል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለያይተው አዩ። ከሰባቱ አንዱም ዳግም ለሴኔት አልተመረጠም።

ዋጋው ቀላል ነበር አልላችሁም። ጆንሰን በሥልጣን መቆየታቸው ነጻ በወጡት ጥቁሮች ሕይወት ላይ የጣለውን ጉዳት አሳንሼ ማየት አልችልም። ከፍ ያለ መስፈርት መጥፎ መሪንም ይጠብቃል። በፌብሩዋሪ 2021 በዶናልድ ትራምፕ ላይ 57 ሴናተሮች «ጥፋተኛ» ሲሉ 43ቱ «አይደለም» አሉ፤ መስፈርቱ 67 ስለነበር ነጻ ወጡ። በዚያን ጊዜ ሥልጣን ለቀው ነበር፤ ነገሩ ግን አስተማሪ ነው፤ ከሲሶው ጥቂት የበለጠ ወገን ከሰፊው አብላጫ ፊት ቆሞ ማስቆም ይችላል። ይህ የመስፈርቱ እውነተኛ ድክመት ነው፤ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝም አልሸሽገውም። ሆኖም ዘመኑ የተቆረጠ ሹም በመጨረሻ ከሕዝቡ ፊት መቅረቡ አይቀርም። በጠባብ ድምፅ የተሻረ ሹም ግን የሚተወው ቁስል መሻሪያው ሩቅ ነው፤ ግማሹ ሕዝብ ምርጫዬን ተቀማሁ ብሎ ሲያምን የሚቀጥለውንም ምርጫ ማመን ያቆማል።

መስፈርቱ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ግን በቅርቡ በሴኡል አይተናል፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ሌሊት የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ አስተዳደር አወጁ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ምክር ቤቱ መግባት የቻሉ 190 አባላት በሙሉ ድምፅ አዋጁ እንዲነሣ ወሰኑ። ከዚያ ፕሬዚዳንቱን የማንሳት ጥያቄ ቀረበ። ምክር ቤቱ 300 መቀመጫ አለው፤ የሚያስፈልገው 200 ድምፅ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ በአንድ ላይ 192 ነበሩ። ስምንት ሰው ብቻ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ መምጣት ነበረበት።

ዲሴምበር 7 የገዢው ፓርቲ አባላት አዳራሹን ጥለው ወጡ። ድምፅ የሰጡት ከመካከላቸው ሦስት ብቻ ናቸው። አንድ የተቃዋሚ መሪ መድረኩ ላይ ቆመው የቀሩትን አባላት ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ አዳራሹ የቀሩት ደግሞ እየተከተሉ ስሙን አስተጋቡ። አፈ ጉባኤ ዉ ዎን ሺክ ሳጥኑን ሳይዘጉ ለሰዓታት ጠበቁ። ተመለሱ እያሉ ለመኑ። ማንም ሳይጨመር 195 ድምፅ ላይ ቆመ፤ መስፈርቱ ስላልሞላ ሳጥኑ ሳይከፈት ጥያቄው ወደቀ። ውጭ በብርድ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን ልብ በሉልኝ። የጦር አዛዦች በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የተሰጣቸውን ትእዛዝ ተናገሩ፤ የልዩ ኃይሉ አዛዥ እንደራሴዎቹን ከአዳራሹ ጎትቶ እንዲያወጣ መታዘዙን መሰከረ። ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ወጥተው ድርጊታቸውን ተሟገቱለት። የራሳቸው ፓርቲ ሊቀ መንበር ከሥራ መታገድ አለባቸው አሉ። ዲሴምበር 14 ሦስት መቶውም አባላት ተገኙ፤ 204 ድጋፍ፣ 85 ተቃውሞ። ከፕሬዚዳንቱ ወገን ቢያንስ 12 ሰው ተሻግሯል። ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ አጸኑት፤ ጁን 3 አዲስ ምርጫ ተደረገ።

ተራ አብላጫ በቂ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያልቅ ነበር። ፈጣን ይሆን ነበር። ነገር ግን የአንድ ወገን ሥራ ሆኖ ይቀር ነበር፤ የጦር አዛዦቹ ምስክርነትም ማንንም ለማሳመን የማያስፈልግ ትርፍ ነገር ይሆን ነበር። ያቺ የሰባት ቀን ጭንቀት ማስረጃ እንዲቀርብና ሰው እንዲያምን አስገደደች።

በተራ አብላጫ የሚጀመርበትን አገር ደግሞ በአጭሩ ተመልከቱ። በሩማንያ ከምክር ቤቶቹ አባላት ከግማሽ በላይ ከተስማሙ ፕሬዚዳንቱ ይታገዳል፤ መጨረሻውን ሕዝበ ውሳኔ ይወስናል። ትራያን ባሰስኩ በ2007 በ322 ለ108 ታገዱ፤ ከአንድ ወር በኋላ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ሦስት አራተኛ የሚሆነው አይነሡ ብሎ መለሳቸው። በ2012 እንደገና ታገዱ፤ ሕዝበ ውሳኔው የሚፈለገውን የተሳታፊ ቁጥር ባለማግኘቱ እንደገና ተመለሱ። በአምስት ዓመት ሁለት ጊዜ ምክር ቤቱ ያወረደውን ሰው ወንበሩ ላይ መልሶ አየው። ሕዝቡ የመጨረሻ ቃል ባይኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ አልቆ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ሁለት ሦስተኛ ብትጽፉ ነገሩ አበቃ አልላችሁም። በዚህ ላይ ከብዙ ወዳጆቼ ጋር አልስማማም፤ እነሱ ቁጥሩን እንደ ግንብ ያምኑታል። በ2004 እዚያው ሴኡል ፕሬዚዳንት ሮህ ሙ ህዩን በ193 ለ2 ከሥራ ታገዱ። የተከሰሱበት ዋና ነገር አንድን ፓርቲ በምርጫ የሚደግፍ ንግግር አድርገዋል የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ብቻቸውን ከሁለት ሦስተኛ በላይ ስለነበሩ የሌላውን ወገን አንድ ሰው ማሳመን አላስፈለጋቸውም። ሕዝቡ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በምክር ቤት ምርጫ ቀጣቸው፤ ፍርድ ቤቱም ሕግ ተጥሷል፣ ነገር ግን ከሥልጣን የሚያስነሣ አይደለም ብሎ ፕሬዚዳንቱን መለሰ። ቁጥሩ ሲሸነፍ ያተረፈው ፍርድ ቤቱ ነው።

በፓራጓይ በጁን 2012 ፕሬዚዳንት ፈርናንዶ ሉጎን የታችኛው ምክር ቤት 76 ለ1 ከሰሳቸው፤ በማግሥቱ ሴኔቱ 39 ለ4 አነሣቸው። ለመከላከያ የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት! የኪራይ ክርክር ያለበት ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በፔሩ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ «ዘላቂ የሥነ ምግባር ብቃት ማጣት» የሚል ምክንያት አስቀምጧል፤ ማዲሰን የፈሩት ልል ቃል ማለት ይህ ነው። በ2020 ከ130 አባላት 87ቱ ከተስማሙ በቂ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 2020 ማርቲን ቪስካራ በ105 ድምፅ ተነሡ፤ በማግሥቱ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ማኑዌል ሜሪኖ ሥልጣን ያዙ። ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ ሜሪኖ በስድስተኛው ቀን ለቀቁ። የዌድ ጥያቄ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሁለት ሦስተኛውን አትንኩት፤ ስሌቱም ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው አባላት ይሁን፤ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ የተገኙት ብቻ የሚቆጠሩ ከሆነ በጣም ጥቂት ሰዎች አገር የሚያህል ነገር ይወስናሉ። የክሱ ምክንያት ሊረጋገጥ በሚችል ድርጊት ይጻፍ፤ «ብቃት ማጣት» የሚል ቃል ከገባ የሐኪም ወይም የፍርድ ቤት ማረጋገጫ ይታሰርበት። በክሱና በድምፁ መካከል በሳምንታት የሚቆጠር ጊዜ ይኑር፤ ተከሳሹም ጠበቃ ይዞ ይሰማ። ጥፋቱ ለሽረት የሚያበቃ መሆኑን ፖለቲከኛ ያልሆነ አካል ይመርምር። ወንበሩን የሚወርሰው ሰው ድምፅ አይስጥ።

አንድ ነገር ላይ ለብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ፤ ድምፁ በምሥጢር ይሁን ወይስ በግልጽ? በሴኡል እነዚያ 12 ሰዎች የተሻገሩት በምሥጢር ወረቀት ነው፤ ምሥጢሩ ከፓርቲያቸው ቁጣ ጋርዷቸዋል። ይህን አውቃለሁ፤ አልንቀውምም። ቢሆንም ወደ ግልጹ አደላለሁ። ከሥልጣን የሚወርደው ሰው ማን እንደፈረደበት፣ የመረጠውም ሕዝብ እንደራሴው ምን እንዳለ የማወቅ መብት አላቸው። ስለዚህ በረቂቃችሁ ላይ «ድምፅ የሚሰጠው በስም ጥሪ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ስሙ ሲጠራ ቃሉን በአዳራሹ ፊት ይናገራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንድታስገቡልኝ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሕገ መንግሥት ሕግ መምህር